የሌባው አበልጅ

በሃምሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ በጥር፣ ከዳንግላ ወደ እንጅባራ በአውቶቡስ ስመለስ ከፊቴ አንድ ሽማግሌና አንድ ጎልማሳ ያወሩ ነበር።

«በሬዎችዎ ተሰረቁ አሉ! ያ ሌባ አሳዳጅ ጎረቤትዎ የት ሄዶ?»

«ሌቦቹ ወንድማማቾች ናቸው። ታላቅየው ልጄን ክርስትና አንሣልኝ ብሎ ለመነው። ሕፃን እንዴት እምቢ ይባላል?»

«እሱ ድግስ ሲበላ በሬ ሊነዱ!»

«ቢደርስብንም አበልጁን አያስርም ብለው ነው።»

«በምን ነቃ ታዲያ?»

«የልጁ አጎቶች ከድግሱ ጠፉ። ከወንድም ልጅ ክርስትና ማን ይቀራል? ጠላውን አስቀምጦ ፈረሱን ጫነ። ጥሊሊ መንገድ ላይ ያዛቸው።»

«አበልጁንስ?»

«ከወንድሞቹ ጋር አሰረው እንጂ!»

«ጉድ ነው አባቴ!»

«ጉዱ ገና ነው። ዳኛው ፊት ለዚያው ለልጁ አባት ዋስ ሆነ። ‹ሌባ አሳዳጅነቴን ጨርሻለሁ፤ አሁን አበልጅ ነኝ› አለ።»

«እርስዎ ዝም አሉ?»

«ልቆጣ ነበር። በሬዎቼ ሲያመሰኩ አየሁና ተውሁት።»

በማግስቱ ጠዋት እግዚአብሔርን አመስግኜ ተነሣሁና፣ ልጄ የወለደችውን ሕፃን ክርስትና እንዲያነሣልን ልለምነው የዚያን ሌባ አሳዳጅ ቤት እያጠያየቅሁ ሄድሁ።