ድስቱን የሚጠብቀው ካሜራ

ወደ ሳን ሆዜ በሚሄደው ባቡር ከፊቴ የተቀመጡ እናት፣ አጠገባቸው ላለችው ለማያውቋት ሐበሻ ወጣት እየተንጨረጨሩ ያወራሉ።

«ብርዱ ገባ ብላ ልጄ የኤሌክትሪክ ድስት ገዛች። ጠዋት ሥጋውን ጥዳ ሥራ ትሄዳለች!»

«ስሎው ኩከር ነው እማማ፣ ሴፍ ነው፣ ቤት አያቃጥልም። ቀኑን ሙሉ ቀስ እያለ ነው የሚያበስለው።»

«ሰው የሌለበት ቤት እሳት ለኩሶ ይኬዳል እንዴ? ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ነቀልኩት።»

«ውይ! ሥጋውስ?»

«ተበላሽቷል ብላ ደፋችው።»

«ተቆጣችዎት?»

«ብትቆጣኝ በስንት ጣዕሙ! ኩሽና ውስጥ ካሜራ ሰቀለች! ሥራ ቦታዋ ሆና በስልኳ ታየኛለች። ከእጄ በልታ ያደገች ልጅ፣ ለአንድ ድስት ብላ እኔን እንደ ሌባ ትጠብቀኝ?»

ቤት የተውኳትን እናቴን በካሜራ የምከታተልበትን ስልኬን ገልብጬ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት።