ስለ ስቶኒ ራን ጅረት ሳልናገር አልሄድም

ክቡራትና ክቡራን፣ ውድ የሥራ ባልደረቦቼ፤

ይህን የጡረታ መሸኛ ምሳ ስላዘጋጃችሁልኝ አመሰግናለሁ። ዊልማ፣ ከጠዋት ጀምሮ ዓሣ ስትጠብሺ የዋልሽው፣ እጅሽ ይባረክ። ዓሣው ከሱቅ የተገዛ መሆኑን ግን በመጀመሪያው ጉርሻ አውቄዋለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ዓሣ አጥማጅ ስትቆጣጠር የኖረች ሴት እንዲህ በቀላሉ አትታለልም!

አለቃችን ሩፐርት ቅድም በር ላይ ይዞኝ፣ «አርሊስ፣ አጭርና ደስ የሚል ንግግር አድርጊ» ብሎኛል። አጭር ይሆናል። ደስ የሚለውን ግን ከእኔ አትጠብቁ፤ ተናድጃለሁ።

ኦርቪል ሊንዳልን ታውቋቸዋላችሁ፤ ብዙዎቻችሁን በልጅነታችሁ በአውቶቡስ ትምህርት ቤት ያመላለሱ ሰው ናቸው። አሁን ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት በጸደይ፣ ስቶኒ ራን ላይ አገኘኋቸው፤ መንጠቆ ላይ በሚታሰር ከላባ በተሠራ ሰው ሠራሽ ዝንብ ብቻ በሚጠመድበት፣ የተያዘው ሁሉ ወደ ውኃው በሚመለስበት በላይኛው ክፍል። መንጠቋቸው ላይ ትል፣ ቦርሳቸው ውስጥ አንድ ትራውት ዓሣ።

«ኧረ አርሊስ፣ ጣቴ እየተንቀጠቀጠ ዝንቧን ማሰር አቃተኝ። ለአንድ ዓሣ ነው እንዲህ የምትሆኚው?»

«ደንብ ደንብ ነው፣ ሚስተር ሊንዳል።»

ከሰስኳቸው። የማጥመድ ፈቃዳቸው ለአንድ ዓመት ታገደ። እዚሁ ቢሮ ውስጥ «ጎበዝ፣ ለማንም አታዳላም» ተባልኩ።

ደንቡን ዛሬም አልነቅፍም። ስቶኒ ራን ሞቶ የነበረ ጅረት ነው። ዳርቻው እንዳይናድ ድንጋይ የተሸከምነው፣ ውኃው እንዳይሞቅ ዛፍ የተከልነው እኛው ነን። ትራውት ተመልሶ እንቁላል ሲጥል ያየን ቀን ዴል፣ ይኸው እዚያ ጥግ የተቀመጠው፣ እንደ ሕፃን አላለቀሰም?

ባለፈው ነሐሴ ስልኬ ጮኸ። ኦርቪል ነበሩ። «አርሊስ፣ ነይ። አሁኑኑ ነይ።»

ገና ከመኪና ሳልወርድ ሽታው አፈነኝ። ከላይ ካለው ትልቅ የወተት ከብት እርባታ የፍግ ማጠራቀሚያው ቧንቧ ፈንድቶ፣ ውኃው ጠቁሯል። ዓሣው ሆዱን ወደ ሰማይ ሰጥቶ ዳር እስከ ዳር ተንሳፍፏል። እኔና ዴል ሁለት ቀን ሙሉ ለቀምን። አራት ሺህ ካለፈ በኋላ መቁጠር ተውን።

ኦርቪል አንዲት ትልቅ ትራውት በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመዋል። «እኔን ለአንዷ ያዝሽኝ» አሉ። «ይህን ያደረገውን ማን ይይዘዋል?»

«እኔ እይዘዋለሁ» አልኩ። ማልኩላቸው።

ያየሁትን ሁሉ ጽፌ ሪፖርቱን ለሩፐርት አቀረብኩ። መልሶ ሰጠኝ።

«‹ገደለ› የሚለውን አውጪና ‹ተጽዕኖ አሳደረ› በይው። ቧንቧውን ተዪው፤ ምንጩ ገና አልታወቀም በይ።»

«በዓይኔ አይቼዋለሁ እኮ! ፎቶ አንስቼዋለሁ!»

«አርሊስ፣ ለጡረታሽ ስምንት ወር ቀረሽ። ለምን ራስሽን ታስቸግሪያለሽ?»

ፈረምኩ። አዎ፣ እንዳለኝ ለውጬ ፈረምኩ! ምን አንገታችሁን ትደፋላችሁ? የፈረምኩት እኔ ነኝ። ለእርባታው «እባካችሁ ለወደፊቱ ተጠንቀቁ» የሚል ደብዳቤ ተላከ። በቃ፣ ይኸው ነው! በዚያው ወር ደግሞ የቺካጎን ሰው ወደ እኛ ወደ ዊስኮንሲን የምንጋብዝበት በራሪ ወረቀት ታተመ። ሽፋኑ ላይ ያለው ጅረት የቱ ነው? ስቶኒ ራን! «በዝንብ ዓሣ ለሚያጠምዱ ገነት» ይላል። ምን ሊያጠምዱበት ነው? ፍግ?

ባለፈው ሳምንት ኦርቪል ቤት ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው።  «እኔ ስያዝ አልዋሸሁም» አሉኝ።  ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ስለዚህ ዛሬ ጠዋት፣ ወደዚህ ከመምጣቴ በፊት፣ የመጀመሪያውን ሪፖርት ከነፎቶዎቹ ለዐቃቤ ሕጉ ሰጥቻለሁ። ሁለተኛው ሐሰት እንደሆነ፣ እያወቅኩ እንደፈረምኩት፣ በራሴ እጅ ጽፌአለሁ። ማን አስተካክይው እንዳለኝም ጽፌአለሁ። ተቀመጥ ሩፐርት፣ አልጨረስኩም! እኔም ልከሰስ እችላለሁ። ይሁን፤ አጥፍቻለሁ። ቅድም ለዴል በጆሮው ስነግረው ምን አለኝ መሰላችሁ? «ምስክር ካስፈለገ እኔ አለሁ።» ይኸውላችሁ፣ ባልደረባ ማለት!

እንግዲህ ልሰናበታችሁ። ቤታችሁ ሰላም ይሁን፤ ጉልበታችሁ ጅረት ለጅረት ለመሄድ አይስነፍ። ጅረቶቻችን ይጥሩ፤ የልጅ ልጆቻችሁ ቆመው የሚያጠምዱበት ቀዝቃዛ ውኃ አይጡ። እኔ እውነቱን ለመናገር የደፈርኩት በመጨረሻዋ የሥራ ቀኔ ነው፤ አፍሬበታለሁ። ለእናንተ ግን ገና ብዙ ዓመት ከፊታችሁ አለ። እግዚአብሔር ዛሬውኑ የምትደፍሩበትን ልብ ይስጣችሁ።