እንግዳ ሲመጣ የሚታሰረው ጠባቂ

ከዳቦ ቤት ሥራዬን ጨርሼ፣ እግሬን እየጎተትኩ ወደ ቤት ስመለስ፣ አውቶቡስ ማቆሚያው ጥግ ላይ የጎረቤቴን የሻለቃን የእህት ልጅ አገኘኋት። በአንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር የምትጠግን ልጅ ናት። ቦርሳዋን ከአንዱ ትከሻዋ ወደ ሌላው እያዛወረች ቆማለች።

«እንደምን ዋልሽ?» አልኳት።

«እንዴት እንደዋልኩ ፊቴ አይናገርም?» አለችኝ። «ቀኑን ሙሉ የሰው ኮምፒውተር ስጠግን ውዬ፣ አሁን ደግሞ ጋሼ ‹ኮምፒውተሬ ሊሞትብኝ ነው፤ ድረሽልኝ› ብለው ደውለውልኝ ወደ እሳቸው መሄዴ ነው። አንተስ?»

«እኔም ወደ እሳቸው ነኝ። ለመታወቂያ የሚሆን ጉርድ ፎቶ ፍላሽ ላይ አለኝ፤ እንዲያትሙልኝ ነው።»

ፍላሽ ስል ፊቷ ትንሽ ተለወጠ። ምክንያቱን ግን አልነገረችኝም። «እንግዲያው አብረን እንሂድ» ብላ መንገድ ጀመረች።

ሻለቃ ሰፈሩ ያወጣላቸው ስም ነው እንጂ፣ እሳቸው ወታደር ቤት ደጃፍ እንኳ ቆመው አያውቁም። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የጥበቃ ኃላፊ ነበሩ። ጡረታ ሲወጡ ባልደረቦቻቸው አዋጥተው ኮምፒውተርና ማተሚያ ገዙላቸው። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ስለሚኖሩ፣ ወረቀት ይዞ ለመጣ ጎረቤት ሁሉ በነፃ ያትማሉ። ከማተሙ ይልቅ ጨዋታው ነው የሚበልጥባቸው። እንግዳ እንዳይቆም ብለው ወንበሮችን በግድግዳው ጥግ ደርድረዋል።

ስንገባ አንዱም ወንበር ሰው አልነበረበትም።

«ግቡ፣ ግቡ! ዳቦ ጋጋሪውንም ይዘሽው መጣሽ? ተቀመጡ። እንደምታዩት ወንበር አልቸገረኝም፤ የቸገረኝ ተቀማጭ ነው።»

«ሰው ቀረ እንዴ?» አልኳቸው።

«እኔ እንጃ! ፀጉር አስተካካዩ በደጄ ሲያልፍ ሰላም ብሎኝ ይሮጣል፤ አሳዳጅ ያለበት ነው የሚመስለው። ልብስ ሰፊዋ ‹ሥራ በዛብኝ› ትላለች። ሰው ሲያረጅ ይጠላል መሰለኝ።» ይህን ሲሉ ሊስቁ ሞከሩ፤ ሳቁ ግን አልመጣላቸውም።

ልጅቱ ኮምፒውተሩን ከፈተችው። እስኪነሣ ድረስ ብዙ ጠበቅን። በመጨረሻ ስክሪኑ ሲበራ ጥጉ ላይ ሦስት አንቲቫይረሶች ተሰልፈው አየች።

«ጋሼ፣ ሦስት?»

«አንዱን የወንድሜ ልጅ ጫነልኝ፤ አንዱን የድሮ ባልደረባዬ፤ ሦስተኛውን ራሴ። ‹ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል› ሲባል አልሰማሽም? እኔ ለጥንቃቄ ሦስት ተከልኩ።»

«ለመሆኑ በፋብሪካው በር ላይ እኩል ሥልጣን ያላቸው ሦስት ኃላፊዎች ቢቆሙ ምን ይሆን ነበር?»

ሻለቃ ሳይወዱ ፈገግ አሉ። «አንድ ጊዜ ሁለት አድርገውብን ነበር። አንዱ የፈተሸውን ሌላው እንደገና ይፈትሻል። ኋላማ እርስ በርሳቸው ሲፈታተሹ ሠራተኛው ዝናብ ላይ ቆሞ ይውል ጀመር።»

«ይኸው ኮምፒውተርዎም ዝናብ ላይ ቆሟል። አንዱ ሌላውን ‹ሌባ ነው› እያለ ሲይዝ ጉልበቱን ጨረሱት።»

«እሺ፤ ይህስ ይሁን» አሉና የእኔን ፍላሽ ተቀበሉኝ። ከመሰካታቸው በፊት ግን ሦስቱንም አንቲቫይረስ አንድ በአንድ አጠፏቸው።

«ምን እያደረጉ ነው?» አለች ልጅቱ ከወንበሯ ብድግ ብላ።

«ውሻውን እያሰርኩ ነዋ! እንግዳ ሲመጣ ውሻ ይታሰራል።»

«ሌባ የሚገባው እኮ በዚሁ ፍላሽ ነው!»

«ስሚ ልጄ። ይህ ልጅ ጎረቤቴ ነው። አምኖኝ ቤቴ ሲመጣ ‹ቆይ ልፈትሽህ› ልበለው? በፋብሪካው በር የስንቱን ኪስ በርብሬአለሁ! የተፈተሸ ሰው ዓይኑን ከዓይኔ ሲያሸሽ ስንት ዘመን አይቻለሁ። ጡረታ የወጣሁ ዕለት ‹ከእንግዲህ በቃኝ› ብያለሁ። በእኔ ቤት እንግዳ አይፈተሽም።»

ክፉን ሰው መገሠጽ ቀላል ነው። ደግ ሰው በደግነቱ ሲሳሳት ግን ምን ተብሎ ይነገረዋል? ልጅቱም ዓይኖቿን በመዳፏ አሸት አሸት አድርጋ ተመልሳ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ እንግዳ ማዕድ ከመቅረቡ በፊት ምን ያደርጋል?»

«እጁን ይታጠባላ።»

«ውሃ የሚያቀርቡለት ‹ቆሻሻ ነህ› ለማለት ነው?»

«እንዴት ተደርጎ! ክብር ነው እንጂ። ከመንገድ ሲመጣ ሳያውቅ የነካካው ነገር ይኖራል።»

«ፍላሽም እንደ እጅ ነው። ከስንት ኮምፒውተር ጋር ሲጨባበጥ ውሎ ይመጣል። ባለቤቱ ጨዋ ቢሆን፣ ፍላሹ ያነሣውን አያውቅም።»

«ነገር ታውቂበታለሽ» አሉ ሻለቃ ራሳቸውን እየነቀነቁ። «ቢሆንም ይሉኝታ የሚባል ነገር አለ። እናንተ የተማራችሁ ሰዎች ይሉኝታን ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጥላችሁ ነው የገባችሁት።»

ልጅቱ በረጅሙ ተነፈሰች።

«ጋሼ፣ ደክሞኛል፤ ስለዚህ ነገሩን አላዞርብዎትም። ልብስ ሰፊዋ እርስዎ ዘንድ አሳትማ ፍላሿን ቤቷ ስትከፍተው የልጆቿ ፎቶዎች አልነበሩም። ቫይረሱ ሰውሯቸው በስማቸው ራሱ ተቀምጧል። መሥሪያ ቤት ድረስ ይዛልኝ መጣች። ብዙውን መለስኩላት፤ የማይመለስም ነበረ። ፀጉር አስተካካዩም እንደዚያው። ሰው የቀረው ጠልቶዎት አይደለም። ፍላሹ ከዚህ ቤት ታሞ ስለሚወጣበት ነው።»

ሻለቃ ወደ ባዶዎቹ ወንበሮች ዞሩ። «ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ይሉኝታ ይዟቸው። ‹በነፃ እያተሙልን ምን ብለን እንነግራቸዋለን?› አሉ። ‹አንቺም እንዳትነግሪያቸው› ብለው ለምነውኝ ነበር። ግን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።»

ሻለቃ ፍላሼን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«ዕድሜዬን ሙሉ የሰው በር ስጠብቅ ኖሬ፣ በገዛ ቤቴ ሌባውን በክብር አስገባሁት በይኛ» አሉ። ከዚያ ማውሱን ወደ እሷ ገፉላት። «በይ፤ የምታውቂውን አድርጊ።»

ልጅቱ ሁለቱን አንቲቫይረሶች ነቅላ ጣለችና አንዱን አስቀረች። የቀረውንም አስነሥታ አፕዴት አደረገችው። «ይህን በየጊዜው ራሱ እንዲያድስ አድርጌዋለሁ፤ አይከልክሉት» አለቻቸው። «የትናንቱን ሌባ መልክ ብቻ የሚያውቅ ጠባቂ የዛሬውን ሰላም ብሎ ያሳልፈዋል።» ከዚያ ኮምፒውተሩን በሙሉ ስካን አስደረገችው። የተያዘው ቫይረስ ብዛት ሲታይ ሻለቃ ፊታቸውን አዞሩ። በመጨረሻ የእኔን ፍላሽ ሰካች፤ ከመክፈቷ በፊትም ስካን አደረገችው።

ቀይ ምልክት ብቅ አለ። ቫይረሱ ከዳቦ ቤቱ ኮምፒውተር የመጣ መሆን አለበት። ልጅቱ ወዲያው አጠፋችው፤ እኔ ግን አፈርኩ።

ሻለቃ ግን ስክሪኑን ትተው የሚያዩት እኔን ነበር። «ተቀየምከኝ?» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ኧረ በፍጹም! ሳላውቀው ይዤው ስዞር የነበረውን ነው ያራገፋችሁልኝ። እግዜር ይስጥልኝ።»

«አልተቀየመም» አሉ ለራሳቸው። ፎቶዬን አትመው ሰጡኝ፤ ተነሥተውም ኮታቸውን ለበሱ።

«ወዴት ነው?» አለች ልጅቱ።

«ይሉኝታዬን ልጥል።»

አብረናቸው ስንደርስ፣ ፀጉር አስተካካዩ የአንዱን ደንበኛ ጢም ግማሹን ላጭቶ ግማሹ ቀርቶት ነበር። ሻለቃ በሩ ላይ ቆመው፣ ሳል አሉና፣ «ጎረቤት፣ ፍላሽህን ያሳመምኩት እኔ ነኝ። ዛሬ ነው ያወቅሁት። ይቅር በለኝ» አሉት።

ምላጩ አየር ላይ ቀረ። «ኧረ ሻለቃ! ይህን ለማለት በዚህ ድካም መጡ? ጥፋቱ የእኔም ነው። ልነግርዎ እያልኩ በደጅዎ ባለፍኩ ቁጥር ሰላም ብዬ እሮጣለሁ።»

«እኔስ በግማሽ ጢም ልቀር ነው?» አለ ደንበኛው።

«አንተ ታገሥ፤ ጢም ይበቅላል» አሉት ሻለቃ። ወደ ፀጉር አስተካካዩ ዞረውም፣ «ነገ ፍላሽህን ይዘህ ና። ሳልፈትሽ ግን አልከፍተውም፤ ከአሁኑ እወቀው» አሉት።

«ሳይፈትሹማ እኔም አልሰጥዎትም! ጨዋታዎን ከተራብኩ ቆየሁ።»

ከዚያ ሱቅ ስንወጣ የሻለቃ ፊት የደከመ ነበር፤ ግን ቀለል ብሏቸው ነበር። አንባቢ ሆይ፣ ነገሩ ትልቅ ጥበብ አይጠይቅም። ለአንድ ኮምፒውተር በየጊዜው የሚታደስ አንድ ጠባቂ ይበቃዋል፤ የመጣው ፍላሽ የወዳጅም ቢሆን ሳይፈተሽ አይከፈት። ጠባቂም ስለሚሳሳት የልጆችን ፎቶ የመሰለ ውድ ነገር ቅጂውን ሌላ ቦታ ማኖር ነው። ይህን ያደረገ ሰው ኮምፒውተሩ አይዘገይበትም፤ ፋይሉ አይጠፋበትም፤ የጎረቤቱም ንብረት በእሱ እጅ አይበላሽም። ዝም መባባሉ ግን ከቫይረሱ ይልቅ ቤት ያራቁታል።

«ጋሼ፣ የቀረውን ነገ ቢያደርጉትስ? ሁላችንም ደክሞናል» አለች ልጅቱ።

«የደከመው ይረፍ» አሉና መንገዱን ተሻገሩ። «የልጆቿን ፎቶ ያጠፋሁባት ሴት መብራቷ አሁንም እንደበራ ነው።»

እውነትም ደክሞን ነበር። ቢሆንም ተያየንና ተከተልናቸው። እኛ ከመድረሳችን በፊት ሻለቃ የልብስ ሰፊዋን በር አንኳኩ።