የተደፈነው ቤት ትንፋሽ

«እንዲህ በተደፈነ ቤት ውስጥ ደረቱ የደከመ ሰው በምን ይተነፍሳል?»

ወይዘሮ ጉድቬግ ይህን ጥያቄ ከቁርስ ጀምረው እያላመጡት ነው። የልጅ ልጃቸው ኢንጉን አዲስ ቤት ሠርታ፣ «ክረምቱን ከእኔ ጋር እለፉ» ብላ አያቶቿን ጠርታለች፤ ጉድቬግ ግን «እዚያ አንከርምም» ብለው የባላቸውን ትራስ ከአሮጌው ቤት ላለማምጣት ምለው ነው የመጡት። ባለፈው ክረምት በአሮጌው ቤት ብርዱ ደረታቸው የደከመውን ባላቸውን ቶርላይቭን ሊነጥቃቸው ነበር፤ ይህኛው ቤት ደግሞ ቢያፍናቸውስ?

ከውጭ በረዶው እንደ ላባ ቀስ እያለ ይወርዳል። ቶርላይቭ ወንበራቸው ላይ አሸልበዋል፤ ቤቱም አብሯቸው ያንቀላፋ ይመስላል። ጉድቬግ ሹራባቸውን አስቀምጠው ተነሡና መስኮቱን ገርበብ አድርገው እንዳይዘጋ ካልሲ ሸጎጡበት። እሳቸው በኖሩበት የፍዮርድ መንደር፣ ባሕሩ በተራሮች መካከል ዘልቆ በሚገባበት፣ መስኮት ዘግቶ መተኛት እንደ ነውር ነው፤ ልጆቻቸውንም ያሳደጉት ትራስ ላይ በረዶ እየወረደ ነው።

«እማማ! ደግሞ ከፈቱት?» አለች ኢንጉን እየሳቀች።

«አየር ነው ያስገባሁት፣ ሌባ አይደለም!»

«ሌባማ አስገብተዋል፤ ሙቀቱን ይዞት እየሄደ ነው።»

«አንቺ ተምረሽ መጥተሽ ጠርሙስ ነው የሠራሽው! ምድጃ እንኳ የለው። አያትሽን በሆምጣጤ እንደተዘፈዘፈ ዓሣ ልታሽጊው ነው?»

ኢንጉን አልተቆጣችም። መስኮቱን ዘጋች፤ ከሹራቡ ክር መዝዛ አስያዘቻቸውና ከጣሪያው ሥር ወዳለው ቀዳዳ አስጠጋቻቸው። ክሩ በሕልም ውኃ እንደሚዋኝ ነገር ተወዛወዘ።

«ንጹሕ አየር ተጣርቶ ቀን ከሌት በዚህ ይገባል፤ ያደፈው በመታጠቢያ ቤት በኩል ይወጣል። ሁለቱ በአንድ መሣሪያ ውስጥ በስስ ግርዶሽ ተለያይተው ነው የሚተላለፉት፤ ወጪው ግን ሙቀቱን ለገቢው ትቶለት ይሄዳል።»

«አባት ለልጁ እንደሚያወርስ?»

«እንደዚያው! የቤቱ ግድግዳ ወፍራም፣ መስታወቱም ባለ ሦስት ድርብ ስለሆነ፣ የእኛው ገላ ሙቀትና ትንሽ ማሞቂያ ይበቃዋል።»

ጉድቬግ መዳፋቸውን ዘረጉ። ለብ ያለ ነገር ዳሰሳቸው።

«ወይ እኔ! ለካ ዕድሜዬን ሙሉ ውጭውን ሳሞቅ ነው የኖርኩት!»

እውነትም፣ መስኮት ከፍቶ እንጨት ማንደድ በወንፊት ውኃ መቅዳት ነው። ቤት በደንብ ታሽጎ መተንፈሻ ሲበጅለት ግን ማገዶ ይተርፋል፣ ግድግዳ አይሻግትም፣ የሚያስል ሰውም እንቅልፍ ያገኛል።

ቶርላይቭ አንድ ዓይናቸውን ገለጡ። «ታዲያ ትራሴን ከአሮጌው ቤት አላመጣም ብለሽ የማልሽው መሐላስ፣ እቴ?»

ጉድቬግ ካፖርታቸውን ደረቡ፣ ሻርፓቸውን ጠመጠሙ፤ የበረዶ ጋሪውን እየጎተቱ ትራሱን ሊያመጡ ወደ አሮጌው ቤት ወጡ።