ከምጽዋ የመጣ ውሃ

በደርግ ጊዜ ደባርቅ ሳስተምር ለስብሰባ ምጽዋ ሄጄ አንድ ሌሊት አደርሁ። ያ ነጭ ፎቅ፣ ያ የእንጨት ሰገነት እንዴት ያምራል መሰላችሁ! ሙቀቱ ግን አያስቀምጥም፤ ሰዉ አልጋውን ጎዳና አውጥቶ ነው የሚተኛ። የባሕር ውሃ ጨው ነው ሲባል ለማያምነው አጎቴ በጄሪካን ቀድቼለት መጣሁ።

አጎቴ ጎረቤት ሰብስቦ ቀመሰና እንትፍ አለው። «አንተ! ጨው ከቀበሌ ሱቅ ከጠፋ ወር አልፎታል፤ ይህን ሁሉ ከየት አምጥተህ በጠበጥኸው?» ወሬው ሊቀመንበሩ ዘንድ ደረሰና ጨው ደብቀሃል ተብዬ ከነጄሪካኔ ቀበሌ ቀረብሁ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ባሕሩ ራሱ ጨው ነው» አልኋቸው።

«ባሕር ሙሉ ጨው ያላት አገር ጨው በወረፋ ትሸጣለች? አብዮቱን ነው የምትሳደብ!»

ሦስት ቀን ታሰርሁ። በአራተኛው ሊቀመንበሩ በሩን ከፍተው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉና፣ «መምህር፣ ያ ውሃህ ወጣችንን አጣፍጦታል፤ ምጽዋ ዳግመኛ መቼ ትሄዳለህ?» አሉኝ።