ለቅዳሜ አንድ ሞንታርቦ

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ በአንዲት የገበያ ከተማ፤ ለወረዳው ምክር ቤት በግል የሚወዳደሩት ጡረተኛው የታሪክ መምህር መርዕድ፣ የቀድሞ ተማሪያቸው ሽመክት ድምፅ ማጉያ የሚያከራይበት ሱቅ በር ላይ ቆመዋል።

መርዕድ፦ ስምንት ሞንታርቦ ደርድረህ የለኝም ትለኛለህ? ዓይኔ ደከመ እንጂ አልጠፋም።

ሽመክት፦ ጋሼ፣ የኔ ናቸው እንጂ እጄ ላይ አይደሉም። የዱቄት ፋብሪካው ሁሉንም ተከራይቷቸዋል።

መርዕድ፦ አንዱን፣ ለአንድ ሰዓት። ቅዳሜ ገበያው ሲሞላ። እነዚያ ሽንኩርት ሻጮች ፋብሪካው ቦታቸውን ለመጋዘን እንደጠየቀ አልሰሙም። ምክር ቤት ገብቶ የሚሟገትላቸው ካጡ ክረምት ሳይገባ ይነሳሉ።

ሽመክት፦ በጉሮሮዎ ይንገሯቸዋ። እኛን ክፍለ ጊዜውን ሙሉ ሲቆጡን ማይክ አልነበረዎትም።

መርዕድ፦ እናንተም ስምንት ሞንታርቦ አልነበራችሁም።

ሽመክት፦ እሱስ ልክ ነው።

መርዕድ፦ ለዚያ ለተፎካካሪዬ ነው የተከራየለት፣ አይደል?

ሽመክት፦ ኧረ በጭራሽ። ሥራ አስኪያጁ ውሉ ላይ አጽፎኛል፤ «ለዕጩ የተሰጠ ድጋፍ ሳይሆን ድርጅቱ የራሱን ሐሳብ የሚገልጽበት ነው» ብሎ። ለዕጩ ቢሰጥ በሕግ የገንዘብ ልክ አለው አሉ። ለራሱ ከጮኸ ልክ የለውም።

መርዕድ፦ ፋብሪካ ሐሳብ አለው?

ሽመክት፦ አለኝ ካለ እኔ ምን ልበል?

መርዕድ፦ ካለው የምርጫ ካርድ ያውጣና እንደ ሰው ፀሐይ ላይ ይሰለፋ። የትኛውን ጣቱን ነው ቀለም የሚነክሩለት?

ሽመክት፦ ቀስ ይበሉ፣ ሰው ይሰማል።

መርዕድ፦ ይስማ እንጂ። የምለምንህ ለዚሁ አይደል?

ሽመክት፦ ለምርጫ ጽሕፈት ቤቱ አያመለክቱም?

መርዕድ፦ አመለከትኩ እንጂ። ተፎካካሪዬ የምርጫ ምልክቴ ሰጎን ነው ብሎ ተመዘገበ፤ የፋብሪካው ጆንያም ላይ ያው ሰጎን አለ። «የንግድ ምልክቱ ከምርጫው በፊት የነበረ ነው፣ አይነካም» ብለው ሸኙኝ። ከተማው በሙሉ ሰጎን ጋግሮ እየበላ የኔን ምልክት፣ መሰላሉን፣ ማን ያየዋል?

ሽመክት፦ እኛም ቤት ሁለት ሰጎን ተጋድሟል።

መርዕድ፦ አንተ ሳቅ። ከብት ያለው ያግባሽ ወይስ አፍ ያለው ቢሏት፣ «አፍ ያለው፤ ከብት ያለውን አፍ ያለው ይነዳዋል» አለች። ሞኝ ናት። ዘንድሮ ከብት ያለው አፉንም ተከራየው።

ሽመክት፦ አይፍረዱብኝ፣ ጋሼ። እኔ የሠርግ ሰው ነኝ። ጾም ሲገባ እነዚህ ላይ ዶሮ ነው የሚያድርባቸው። ፋብሪካው ባይመጣ ይህን ሱቅ ዘግቼ ነበር።

መርዕድ፦ አልፈርድብህም። ቅዳሜን ይውሰዳት። ከእሑድ ጀምሮ ሕጉ ዕጩ ሁሉ ዝም ይበል ይላል። ያን አራት ቀን እንኳ እኩል እንሆናለን፤ እሱም ዝም፣ እኔም ዝም። ሰውም ጸጥ ሲል ያስብ ይሆናል።

ሽመክት፦ ጋሼ...

መርዕድ፦ ምነው?

ሽመክት፦ ውሉ እስከ ምርጫው ዋዜማ ነው።

መርዕድ፦ በዝምታው ቀናትም?

ሽመክት፦ ዝም በል የተባለው ዕጩ ነው፤ ፋብሪካው ዕጩ አይደለም። ባለ ሰጎኑን ዱቄቴን ነው የማስተዋውቀው ብሏል፤ ስምንቱንም በመኪና ጭኖ፣ ከጠዋት እስከ ማታ።

መርዕድ፦ እኔ በእነዚያ ቀናት ገበያ መሀል ቆሜ አንዲት ቃል ብናገርስ?

ሽመክት፦ እርስዎማ ሕግ ጣሱ ተብለው ይሰረዛሉ።