የሚለፈልፈው ቫይረስ
ባለፈው የላፕቶፔን ዊንዶውስ ላስቀይር ሲኤምሲ አንድ ጥገና ቤት ሰጥቼ፣ በማግስቱ ልወስድ ሄድኩ። ስከፍተው ጭጭ አለ። እኔ ዓይነ ስውር ነኝ፤ ስክሪኑን ጮክ ብሎ የሚያነብልኝ ፕሮግራም ከሌለ ላፕቶፑ ለእኔ ከትሪ አይሻልም። "ድምፁስ?" አልኩት ባለሙያውን። "ያ የሚለፈልፈው ቫይረስ? ከነአሮጌው ዊንዶውስ ጠረግኩልህ። አሁን ንጹህ ነው፣ እየው።" ነጭ በትሬን ይዤ ፊቱ ቆሜ እየው ይለኛል።

"ወንድሜ፣ እኔ የምሠራው በእሱ ነው። ነገ ጠዋት የማስረክበው ትርጉም አለብኝ።"

"አታካብድ፣ ቤት ያለ ሰው ያነብልሃል" ብሎኝ ወደ ሥራው ተመለሰ። ደሜ ፈላ። እጄን ሰድጄ የራሱን ስክሪን ዳስሼ አጠፋሁበት።

"ምን ነካህ? ሥራ ላይ እኮ ነኝ" አለ።

"አታካብድ" አልኩት፣ "ቤት ያለ ሰው ያነብልሃል።"